ፒያኖው ዝም ያለበት ቦታ

ይድረስ ለወንድሜ ለአብተው፤

እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ ለቀቀህ? ሳልህ ተሻለህ ወይ? እማዬ ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ጠይቂልኝ ብላለች። እኛ፣ ተመስገን፣ በሕይወት አለን። ናዝሬት ነፋሷም አቧራዋም ያው ነው፤ ሰዉ ግን ድምፁን ቀንሷል። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። ለትምህርት ወደ እናንተ ወደ ላይፕዚግ የሚመጣው ጎረቤታችን ራህመቶ ነው የሚያደርስልህ። አንብበህ አቃጥለው።

የእማዬን እንጉርጉሮ ለድምፅና ለፒያኖ አስማምተህ ስትልክልን እንዴት እንደተደሰትን ጽፌልህ ነበር። ወንድማችንን ሐዲስን አዋሽ የወሰደው ጊዜ ያለቀሰችበት ዜማ ነው። አንተ ያኔ ገና ሕፃን ስለነበርክ፣ እንዴት እንደያዝከው እስካሁን ይገርማታል። እጮኛህ ደራርቱ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፒያኖ ላይ ከሥራ በኋላ ትለማመደው ነበር። ቀበሌው ለላብ አደሩ በዓል የባህል ዝግጅት አቅርቡ ሲል፣ እኔ እንድዘፍን እሷ እንድትጫወት ተወሰነ። ካድሬው ጓድ ጆቴ ግጥሙን ቃል በቃል አነበበና «የድሮ ሐዘን ነው፣ ይለፍ» አለ።

አልቃሽ ግጥሟን ጥላ ዝም ስትል ለቀስተኛው እንደሚቀበላት ታውቃለህ። አንተም ያንን ቦታ አልሞላኸውም፤ ከእያንዳንዱ ግጥም በኋላ ፒያኖው ዝም እንዲል ጽፈሃል። ላይፕዚግ ላይ ሰው እዚያ ጋ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ይሆናል። እዚህ ግን አዳራሹን የሞሉት የናዝሬት እናቶች ናቸው።

«ራቱ ቀዘቀዘ ደጁም አልተዘጋ፣
ወጣ ያለው ልጄ ሳይመጣ ሊነጋ»

ብዬ ስጨርስ ደራርቱ እጇን ከፒያኖው አነሳች። ከኋላ እትዬ ዘርፉ «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ልጃቸው በጥር ከቤት ተወስዶ በደራ መንገድ ዳር እንደተገኘ፣ እንዳያለቅሱም እንደተከለከሉ በፖስታ ልጽፍልህ አልቻልኩም ነበር። አጠገባቸው ያለችው ተቀበለቻቸው፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆነ። ላቁም ወይ ብዬ ደራርቱን አየኋት፤ በዓይኗ ቀጥዪ አለችኝ። ቀጠልን።

ከመድረክ እንደወረድን ጓድ ጆቴ ጠራን። ስለ ግጥሙ አላነሳም። «ፒያኖው እዚያ ጋ ለምን ይቆማል? ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?» አለ። ደራርቱ ቀበል አድርጋ «እኔ ነኝ። ጣቴ ይደክማል፣ ላሳርፈው ብዬ ነው» አለችው። «እንግዲህ በደንብ ታሳርፊዋለሽ» አላት። እኔን ለቀቁኝ። እሷን ሲወስዷት «ኧረ ቆዩ፣ ጫማዬን ልቀይር፣ ይሄ ለመድረክ የተዋስኩት ነው» ብላ ሳቀች። አልፈቀዱላትም።

ስምህ ያለበትን ኖታ ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አብተው፣ በሐምሌ እመጣለሁ ያልከውን ተው። አውቅሃለሁ፣ ይህን አንብበህ ዛሬውኑ ልነሳ ትላለህ። ነገር ግን አንተ ሙዚቃ የምትሠራ ሰው መሆንህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እግርህ እዚህ የረገጠ ቀን እሷ ለአንተ ብላ የተናገረችው ይፈርሳል። ለእማዬ ደራርቱ መቂ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳለች ብያታለሁ። በምትጽፍልን ጊዜ ስለ አየሩና ስለ ትምህርትህ ብቻ ጻፍ።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ በሐምሌ ትመጣለህ ብላ ጋቢ እየፈተለችልህ ነው። ትንሿ እህታችን መሰለች ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ልትጨርስ ነውና ደስ ይበልህ፤ እጅ ነስታለች። እትዬ ዘርፉ «እግዜር ይስጠው፣ አስለቀሰኝ» በይልኝ ብለዋል።

ከደራርቱ የሚመጣውን ሰላምታ እዚህ ጋ ልጽፍልህ ትናንት ቦታ ትቼለት ነበር። በየቀኑ ወደ ታሰረችበት ስንቅ አደርስላት ነበር፣ ሳህኑም ባዶውን ይመለስልኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ምግቡን ሳይነኩት መለሱልኝ። ዘበኛው ፊቴን ሳያይ «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። ቦታውን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እህትህ የሺዓለም
ናዝሬት፣ ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.