ቀዩ ጠርሙስ እንዳይደፋ

ለፐርል ቤይ የቁስ ምርምር ማዕከል
ለክብርት ዳይሬክተር ማሪየን ስትሬቸር
ሆባርት

ቀን፦ ኦገስት 12 ቀን 2024

ጉዳዩ፦ የሟች ዶ/ር ኮርማክ ዱል የመጨረሻ የወርቅ ናሙና አርብ ከሚወገዱት ኬሚካሎች ጋር እንዳይደፋና ምርመራው በድጋሚ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ግሌኒስ ፓርኪን በማዕከሉ ላብራቶሪ ተመራማሪ ስሆን፣ የሟች የሥራ ባልደረባ ነበርኩ። አቤቱታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ክብርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በዓይን የማይታዩት የወርቅ ቅንጣቶቻችን ሲሠሩ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ሳሙና መሰል ሞለኪውል ይለብሳሉ። ይህ ሳሙና ሕዋስ ይገድላል። መድኃኒት ተሸክመው ወደ ሰው ደም ከመግባታቸው በፊት አሮጌው ልብስ ወልቆ አዲስ መልበስ አለባቸው። ማዕከሉ «ተቀይሯል» አለ። ኮርማክ «አልተቀየረም፣ አሮጌው ከሥር አለ፣ ሰው ላይ እንዳትሞክሩት» ብሎ ጻፈ። የጠቡ መነሻ ይኸው ነው።

2. ማስረጃው ሞለኪውሎችን በመስመር ለይቶ ከሚያሳየው የማግኔት ማሽን የወጣ ሥዕል ነበር። በፈሳሹ ውስጥ ልቅ ሆኖ የሚዋኝ ሞለኪውል በሥዕሉ ላይ ሹል መስመር ይሰጣል። ወርቁን ሙጭጭ አድርጎ የያዘው ግን ሹል አይሰጥም፤ ዝቅ ብሎ የተንጣለለ ጉብታ ብቻ ነው፣ ላላወቀው ቆሻሻ ይመስላል። ማዕከሉ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ሥዕሉን ሲያይ፣ ሁላችንም በልማድ እንደምናደርገው፣ ኮምፒውተሩን ከመስመሮቹ ሥር ያለውን ወጣ ገባ ደልድል ብሎ አዘዘው። ጉብታው ድራሹ ጠፋ። ከዚያም ዶ/ር ዱል የሌለ ነገር ፈጥሯል ተብሎ ተወሰነበት። ኧረ በሕግ አምላክ! ራሳቸው ደምስሰው፣ ራሳቸው የለም አሉ።

3. ከሥራ በተሰናበተ በወሩ፣ ኮርማክ አለት ላይ ቆሞ ዓሣ ሲያጠምድ ማዕበል ወሰደው። ባሕሩ ባልዲውን መለሰ፣ እሱን አልመለሰም። ሆን ብሎ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አላውቅም፤ አለማወቄ ነው የሚያንገበግበኝ።

4. ይህ ለቢሮ የሚጻፍ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ኮርማክ ግን ከላብራቶሪው አልወጣም። ቅንጣቶቹን አሽከርክሮ የሚያዘቅጠው ሴንትሪፉጅ ሊቆም ሲል የሚያሰማውን ፉጨት ተቀብሎ የማፏጨት ልማድ ነበረው። ዛሬም ማሽኑ ሲቆም ሁላችንም ሥራችንን አቁመን ቀጣዩን ፉጨት እንጠብቃለን። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ የለም። ባልደረባችን ናይጅል የኬሚካሉን ቁም ሣጥን በከፈተ ቁጥር የኮርማክን ናሙና ለያዘው ጠርሙስ «እንዴት አደርክ ኮርማክ? አንተ ሰውዬ ዛሬም ልብስ አልቀየርክም?» ይለዋል። ይስቅና ወዲያው ፊቱ ይጠቁራል። ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግመን ያጠብናቸው ቅንጣቶች በሙሉ እርስ በርስ ተጣብቀው ሰማያዊ ሆነው ዘቅጠዋል። የእሱ ጠርሙስ ሁለት ክረምት አልፎትም ጥርት ያለ ቀይ ነው። የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

5. እውነቱን ለማውጣት መንገድ አለ። ወርቁ በአዮዲን ቢሟሟ፣ የያዘው ሁሉ ይለቀቃል፤ የተለቀቀ ደግሞ በሹል መስመር ይታያል፣ ደልድሎ የሚያጠፋው የለም። ይህን ደጋግሜ ጠይቄ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልኩ። አንዱ የኮሚቴ አባል ደረጃው ላይ አስቁመውኝ «ግሌኒስ፣ እባክሽ የሞተውን ሰው ተይው፣ ይረፍበት» አሉኝ። መች አረፈና! የቀረችው ናሙና የምትበቃው ለአንድ ምርመራ ብቻ ነው። ከተሟሟች ተመልሳ አትገኝም፤ አርብ ከተደፋች ደግሞ የኮርማክ ስም እንደቆሸሸ ይቀራል።

6. አባቱ ሚስተር ኢያን ዱል ዘወትር ፒካፓቸውን በራችን ላይ አቁመው ይጠብቁኛል። መጀመሪያ የለመኑኝ ጠርሙሱን ነበር። «አንቺ ልጅ፣ የምቀብረው የለኝም እኮ። እጁ የነካውን ስጪኝና መስኮቴ ላይ ላስቀምጠው» አሉ። ምርመራው ናሙናውን እንደሚበላው ስነግራቸው የፒካፑን ሞተር አጠፉ። ከዚያ «ልጄ ውሸታም ሆኖ ቢገኝስ?» ብለው ጠየቁኝ። ሊሆን ይችላል አልኳቸው፤ ልዋሻቸው አንጀቴ አልቻለም። «ይሁን፣ አሟሙት። ውሸታምም ከሆነ የኔው ነው። ብቻ ማንም እንዳይደፋብኝ» አሉ።

ስለዚህ አርብ የሚመጣው የማስወገጃ መኪና ይህን ጠርሙስ እንዳይወስድ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ፤ ምርመራውን በቁጥር ብቻ ከሚሰጡት ናሙናዎች የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ባለሙያ ሚስተር ዱል ባሉበት እንዲያደርግ፣ ሥዕሉም ሳይደለደል እንዲወጣ፤ ውጤቱ ለኮርማክም ሆነ በኮርማክ ላይ ቢወጣ ከቀድሞው ውሳኔ ጋር እንዲያያዝ፤ እስከዚያም በሰው ላይ ሊጀመር የታሰበው ሙከራ እንዲቆይ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ባዶው ጠርሙስ፣ ኮርማክ በእጁ የጻፈበት ወረቀት እንደተለጠፈበት፣ ለአባቱ ይሰጥልኝ። ሚስተር ዱል ከሚስታቸው መቃብር አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ወስደው አሳይተውኛል፤ ልኳ የጠርሙስ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ግሌኒስ ፓርኪን
(ፊርማ)