የደም ቅላት መለኪያው

ሰኞ፣ ኅዳር ፮

ሳጥኑን ዛሬ ከፈትነው። ሦስት ቀን ላቦራቶሪው ጥግ ተቀምጦ ሲያሳስበኝ ነበር። የወጣው የስፌት መኪና የሚያህል አመድማ ብረት ነው። አናቱ ላይ ብልቃጥ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ፊቱ ላይ በመስታወት የተሸፈነ የቁጥር ረድፍ፣ ቁጥሩ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል ቀጭን መርፌ። የደም ቅላት መለኪያ ነው። ዓይን አያስፈልገውም።

እስከ ዛሬ ዓይኑ የኔ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት። ደሙን በአሲድ አጠቁራለሁ፤ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሁ መልኩ ከቡናማው መስታወት ጋር እስኪመሳሰል በመስኮቱ ብርሃን አያለሁ፤ ሲመሳሰል ቁጥሩን እጽፋለሁ። ደም ያነሳትን እርጉዝ ከደህናዋ የሚለየው ይኸ ብቻ ነበር።

ማሽኑን የሚይዘው ታምራት ነው፤ ባለፈው ወር ትምህርቱን ጨርሶ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የተመደበልን። ክፉ ሰው አይደለም። በትዕግሥት አስረዳኝ። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ያስገባና መርፌዋን መቶ ላይ ያቆማታል። ከዚያ በውሃው ፈንታ ደሙ ይገባል። ደሙ መብራቱን ይውጣል፤ የዋጠውን ያህል መርፌዋ ዝቅ ትላለች። ብዙ ከዋጠ ደሙ ወፍራም ነው፣ ጥቂት ከዋጠ ቀጭን። መርፌዋ ያረፈችበትን ከሰንጠረዥ ጋር አስተያይቶ የደሙን ቁጥር ያወጣል፤ መርፌዋ ዝቅ ባለች መጠን የደሙ ቁጥር ከፍ ይላል።

"ማሽን አይደክመውም፣ ጋሽ ላቀው" አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

ሐኪሙ እስከ ቅዳሜ ሁለታችንም እንድንለካ አዟል። እኔ በዓይኔ፣ ታምራት በማሽኑ፤ ቅዳሜ ይነጻጸራል። ከዚያ ወዲያ እኔ ምን እንደምሆን የነገረኝ የለም። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው እንደሚፈልግ ግን ሰምቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፯

አሥራ ሁለት ደም ለካን። ዘጠኙ ላይ ተስማማን። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የከሰዓቶቹ ሦስቱ ግን ተለያዩ። ደመና ነበር፤ መስኮቱ ደብዝዞብኛል። ታምራት ደብተሩን ዘጋ። "ነገ ጠዋት እንድገማቸው" ብቻ አለ።

ለባለቤቴ ለጥሩነሽ አልነገርኳትም። ምነው ራት አልበላህም ስትለኝ ሆዴ ነው አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፰

ደገምናቸው። በጠዋት ፀሐይ ዓይኔም ማሽኑ ያለውን አለ። ትናንት የተሳሳትኩ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ደመናማ ከሰዓት አለ?

ወደ ማታ ቤት ስደርስ እንግዳ አገኘሁ። የጥሩነሽ ታናሽ እህት ውዴ፣ ከባሏ ከእሸቴ ጋር። ከዳባት በጭነት ማኪና ነው የመጡት። ሰባት ወሯ ነው። ከመንገዱ እስከ ቁስቋም ቤታችን ያለችውን ዳገት አራት ጊዜ እያረፈች እንደወጣች እሸቴ ነገረኝ። መዳፏን ገልጬ አየሁ። ሊጥ የነካ ይመስላል። የዓይኗን ሽፋን ወረድ አድርጌ አየሁ። እሱም እንደዚያው።

"አያ ላቀው፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አለችኝ።

"መሽቶ ነው" አልኳት። ነገ እወስዳታለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፱

የዛሬውን እንደሆነው ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደሟን ቀዳሁ። ግማሹን ለታምራት ሰጠሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አለ። የኔ መስታወት አምስት አለ። ደገምኩት፤ አምስት።

"ዘጠኝ" አለ ታምራት።

"አምስት ነው" አልኩ።

"ጋሽ ላቀው፣ ማክሰኞ የሆነውን ያውቁታል።" በቁጣ አይደለም ያለው። በቁጣ ቢሆን ኖሮ እመልስለት ነበር።

ሐኪሙ የሁለታችንንም ቁጥር አየ። ፈረንጅ ነው፤ አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም። ከታምራት ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ዘጠኝ ከሆነ የብረት ክኒን ይበቃታል፣ ከወር በኋላ ትመለስ አለ። አምስት ቢሆን አስተኝቶ ደም ይሰጣት ነበር። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ቤት ስንመለስ ጥሩነሽ በር ላይ ጠበቀችን። "ምን አሉ?"

"ማሽኑ ዘጠኝ ይላል።"

"አንተስ?"

"ማሽኑ ዘጠኝ..."

"እኔ ማሽኑን አልጠየቅሁም" አለችኝ።

እሸቴ ደስ ብሎታል። እህሉ አውድማ ላይ ተከምሮ ይጠብቀዋል፤ ነገ ጧት ማኪና ካገኘን እንሄዳለን አለ። ቆዩ ማለት ነበረብኝ። በምን አፌ? ዓይኔን እኔው ራሴ ካላመንኩት ማን ያምነዋል።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲

ሄዱ። ውዴን ተሸክመን ነው ማኪናው ላይ ያወጣናት።

ዛሬ ዘጠኝ ደም ለካን፤ በዘጠኙም ተስማማን። አንዷም አላፈነገጠች። ከሰዓት ቁጭ ብዬ የሐሙስን ገጽ ከታምራት ደብተር ጋር አስተያየሁ። ስምንት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እኩል ናቸው። ከዚያ ውዴ። ከእሷ ጀምሮ አምስቱም ተለያይተዋል። መለያየቱ አይደለም የገረመኝ። በአምስቱም ላይ ማሽኑ ከኔ በአራት ይበልጣል። በአራት፣ ወይም ለአራት ጥቂት ሲቀረው።

ዓይን ሲሳሳት እንዲህ አይሳሳትም። አንዴ ያበዛል፣ አንዴ ያሳንሳል። ማክሰኞም እንደዚያው ነበርኩ።

ታምራትን ጠየቅሁት። እሱም አይቶታል። "የደጋ ሰው ደሙ ወፍራም ነው ብዬ ነው" አለ። ዛሬ የመጡትስ ከደጋ አይደሉም ወይ? አልኩት።

ሐሙስ ምን ነበረ? ብልቃጡ ያው። ውሃው ያው። ሰዉ ያው። ሐሙስ የቀዶ ሕክምና ቀን ነው። ሲስተር አልማዝን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሏን ነርስ፣ በረንዳ ላይ አገኘኋትና መቀሶቹና ቢላዎቹ የሚቀቀሉበትን የኤሌክትሪክ መቀቀያ ሐሙስ ስንት ሰዓት እንደሰካችው ጠየቅኋት።

"ሦስት ሰዓት ላይ። ምነው?"

መቀቀያው ሲሰካ የላቦራቶሪው አምፑል ቢጫ ይሆናል። ሁላችንም ለምደነዋል። የሆስፒታሉ የመብራት ሞተር አይችለውም እንላለን እንጂ ልብ ብለነው አናውቅም።

ልክ ብሆን ለውዴ ክፉ ነው። ብሳሳት ደግሞ ቦታውን ላለመልቀቅ ሲል ማሽን ይወነጅላል እባላለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፩

በጠዋት ለታምራት ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። "ማሽኑ አዲስ ነው፣ ጋሽ ላቀው" አለ። ከዚያ ግን እጅጌውን ሰበሰበ። ይህን አልረሳለትም።

በውሃው መርፌዋን መቶ ላይ አቆማት። የኔን ደም አስገባ። አሥራ አራት። ሲስተር አልማዝ ከወዲያኛው ክፍል መቀቀያውን ሰካች። አምፑሉ ደበዘዘ። ማንም ምንም ሳይነካ መርፌዋ ዝቅ፣ ዝቅ አለች። አሥራ ስምንት።

ማሽኑ ብርሃን ሲጎድል ደሙ ዋጠው ብሎ ነው የሚያስበው። የራሱ መብራት ነው የደከመው።

ታምራት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "በየደሙ መሃል ወደ ውሃው መመለስ ነበረብኝ። ተምሬዋለሁ። ጠዋት አንዴ ካቆምኩት ይበቃል ብዬ ነው" አለ። ሐኪሙ ዘንድ ራሱ ገብቶ ነገረው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ሐኪሙ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። ሴትዮዋ የት ናት?

የሆስፒታሉን ማኪና ሰጠን። ዳባት ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። የእሸቴ አገር ከዚህ ግማሽ ቀን በእግር ነው። ሾፌሩ እዚህ ይጠብቀናል። ለእኔ በቅሎና መንገድ የሚያሳይ አጃቢ ተገኝቷል። በጨለማም ቢሆን ልሂድ ብዬ ነበር፤ ግን አጃቢው እምቢ አለ፣ ገደል ነው አለ። ሲነጋ እንነሳለን።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፪

አምላኬ፣ ውዴ በሕይወት አለች።

መደብ ላይ ተኝታ ነበር። ከማኪናው ወርዳ በእግሯ ስትመጣ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ከንፈሯ ከፊቷ አይለይም። ልቧ ከነጠላው በላይ ሲመታ ይታያል።

ዛሬውኑ ካልወሰድናት ትሞታለች ስለው እሸቴ ደጅ ላይ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ "አያ ላቀው፣ ሐሙስ ደህና ናት አላችሁን። ዛሬ ትሞታለች ትሉኛላችሁ። እኔ የቱን ልመን?"

መንገዱን ሁሉ ስለ ሞተሩና ስለ መብራቱ የምነግረውን ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት። አንዱም አልወጣኝ። "ሐሙስ ዓይኔ አይቷል። አፌ ነው ያልተናገረው። ማሽኑ ሲሳሳት እኔ ፈራሁ" አልኩት።

መሬት መሬት አየ። ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር። ቢመታኝም አልፈርድበት።

እናቱ በዓመቱ ሚካኤል በሽተኛ ከቤት አይወጣም፣ መንገድ ላይ ብትሞትስ አሉ። የነፍስ አባቷ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረሱ። እሸቴ ጠየቃቸው። ውዴን መስቀላቸውን አሳለሟትና "ሚካኤል እኮ አዳኝ ነው። ተሸከሟት" አሉ።

ከቤተ ክርስቲያን የወጡት ወንዶች ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቃሬዛ ጠፈሩ። ስምንት ሆነው እየተቀባበሉ ተሸከሟት። እኔ ከጎኗ እየሄድኩ እጇን ይዣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኗን ገልጣ "ጥሩነሽ ታውቃለች?" አለች። ታውቃለች አልኳት። አላወቀችም።

ጎንደር ስንገባ መሽቷል። ሐኪሙ እየጠበቀ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፫

በጠዋቱ ለካን። መቀቀያው ተነቅሏል። ታምራት ውሃ፣ ደም፣ እንደገና ውሃ። አራት ተኩል። የኔም አራት ተኩል። በመስማማታችን የተደሰተ የለም።

የእሸቴ ደም ከእሷ ጋር ገጠመ። ጋደም በል ስለው አልጋውን ዞር ዞር ብሎ አየው።

"ደሜ ሲወጣ ነፍሴ ተከትላ አትወጣም?"

"አትወጣም። ውሎ አድሮ ይተካል።"

"አይተካም ብትለኝም እተኛ ነበር" አለና ክንዱን ዘረጋ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጠርሙሱ ተሰቀለላት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠብታውን ቆጠርኩ። ብርድ ብርድ አላት፤ ደነገጥን፤ ሲስተር አልማዝ አዘገየችው፤ ተወት አደረጋት። ጥሩነሽ መጥታ ከእግርጌ ተቀመጠች። እኔን አላየችኝም። ቆይታ ግን የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ግማሹን በእጄ ላይ አስቀመጠች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬

ውዴ ጎኗን ደግፋ ተቀመጠች። ሾርባ ጠጣች። ሐኪሙ ሆዷ ላይ ጆሮ ማድመጫውን አስቀምጦ የፅንሱን ልብ አገኘ። እሸቴም እንዲያዳምጥ ሰጠው። "የሚሮጥ በቅሎ ይመስላል" አለ እሸቴ። እስክትወልድ እዚሁ ትቆያለች። አደጋው አላለፈም፣ ቀሏል።

ግምጃ ቤት የሚለውን ማንም አላነሳም። ታምራት መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛዬን አጸዳልኝ። ከእንግዲህ ሁለታችንም እንለካለን፤ ካልተስማማን አንዳችንም አንጽፍም፣ እንደገና ቀድተን እንለካለን። ከሰዓት ከደመነ እኔ አልለካም። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ከውዴ ኋላ የተለኩ አራት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ የከተማ ናቸው፤ ትናንት ተጠርተው መጡ። አንዱ ደህና ነው። ሁለተኛዋ አልጋ ይዛለች። ሦስተኛው የእንፍራንዝ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ አግኝተውት ዛሬ ከሰዓት በእግሩ ገባ። አራተኛዋ የአዲ አርቃይ ሴት ናት። በማሽኑ አሥር፣ በዓይኔ ስድስት። ሕፃን የምታጠባ።

እሑድ በወረደ የጭነት ማኪና ሐኪሙ ደብዳቤ ልኮላታል። ሾፌሩ ዛሬ ተመልሶ አለፈ። መንገድ ዳር አስቁሜ ጠየቅሁት። ለጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ለቁስል አካሚው፣ በእጁ ሰጥቼዋለሁ፣ ቤቷን አውቀዋለሁ ብሎኛል አለ።

"አይቷታል?"

"እሱን አላለኝም።"

ነገ ጧት ሌላ ማኪና ይወርዳል። ታምራት እኔ ልሂድ አለ። ተማክረን ሁለታችንም እንድንሄድ ሐኪሙን ጠየቅነው፤ ፈቀደ። ብልቃጡንና አሲዱን በጨርቅ ጠቅልያለሁ። እዚያ መብራት የለም፤ አድረን በማግስቱ ጠዋት ብንለካት ግን ፀሐይ አለ።