በዓሹራ ቀይ የለበስኩ ዕለት

እሑድ

የቀሚሴ ደም አልለቅ አለ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ሁሉንም ሞከርኩ። ቀይ ሐር ስለሆነ ይጠፋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ጠቁሮ ይታያል። ደሙ የሐይደር ነው፣ የልጄ የሪሃና እጮኛ። የመታው ደግሞ የገዛ ወንድሜ ጀማል። ከጻፍኩት ምናልባት ልቤ ይሰክን እንደሆነ።

ዛሬ ዓሹራ ነው። እኛ ሐረር ዓሹራን የምናውቀው በደስታ ነው። ጾመን እንውላለን፣ አዲስ እንለብሳለን፣ ማታ ገንፎ በቅቤና በማር እንበላለን። ለጅቡ ሳይቀር ገንፎ ይወጣለታል፤ ጅቡ ጠግቦ ከበላ ዓመቱ ጥሩ ነው ይባላል። ታዲያ ሐይደር ሰሞኑን "እኛ ቤት ከዓሹራ የሚበልጥ ቀን የለም" ሲለኝ ምን ልረዳ? ደስ አለኝ። እነሱ ኢራቃውያን ሺዓ፣ እኛ ሐበሻ ሱኒ፣ በዓላችን ግን አንድ ነው አልኩ። ተገላገልኩ አልኩ!

ሪሃና ከሆስፒታል ደውላ "ኡሚ፣ ፕሊስ ዛሬ እነሐይደር ቤት እንዳትሄጂ" አለችኝ። ነርስ ናት፣ ሺፍት ላይ ነበረች፣ ምክንያቱን ሳትነግረኝ ስልኩን ዘጋችው። እኔ ምን አሰብኩ? በእኔ አፍራ ነው። ሳንድዊች ፋብሪካ የምትሠራ እናቷን ለአማቾቿ ማሳየት አስጠልቷት ነው። ንዴቴ መጣ። አገነፋሁ። ሂና ተቀባሁ። ያን ቀይ ቀሚስ አጠለቅሁ። ጀማል እዚህ እንግሊዝ አገር አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ዕረፍቱ ስለነበር ከምኖርበት ከባተርሲ በመኪናው ወሰደኝ። ቤታቸው ፓርክ ሮያል አጠገብ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ድስቴን ይዤ ገባሁና እልል አልኩ።

ያረቢ! ቤቱ ሙሉ ጥቁር የለበሰ ሰው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። እልልታዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የሐይደር ታናሽ ወንድም አባስ፣ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቶ፣ "ሑሴን በታረደበት ቀን ትጨፍሪያለሽ?" ብሎ ድስቱን ከእጄ መነጨቀው። ትኩሱ ገንፎ ከነቅቤው እግሬ ላይ ተዘረገፈ። ጮኼ ወደቅሁ።

ጀማል ጩኸቴን ሰምቶ ገባ። እህቱ መሬት ላይ ናት፤ ሌላ ምን ይጠይቃል? አባስን አፉ ላይ በቡጢ አለው። አባስ በቴስታ መለሰለት፤ ጀማል ጥርሱን ከደም ጋር ምንጣፋቸው ላይ ተፋው። ወንዶቹ ተረባርበው ገፍተው አስወጡት። በቃ አለቀ ስል፣ ከመኪናው የጎማ መፍቻውን ብረት ይዞ ተመለሰ። ወደ አባስ ራስ ሰነዘረ። ሐይደር መሃል ገባ።

አጥንት ሲሰበር ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ። ሐይደር ጭኔ ላይ ወደቀ፤ ግራ ዓይኑ መኖሩ እንኳ አይታይም፣ ደም ብቻ። ጀማል ሮጠ። እኔ በሂና እጄ ደሙን ለመያዝ ስታገል አምቡላንስ ደረሰ።

ሰኞ

ሥራ ገባሁ። ቤት ብቀመጥ አብዳለሁ። እግሬ አብጦ የሥራ ቦት ጫማው አልገባ ሲለኝ ተረከዙን ረግጬው እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተትኩት ዋልኩ።

አስቴር ከጎኔ ናት፤ ክርስቲያን ናት፣ ጎንደሬ፣ አፏ አያርፍም። አየችኝና "ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ሰው ሞተብሽ?" አለች። ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባሁ ነገርኳት። "ቆይ እንጂ" አለች፣ "ሁላችሁም ሙስሊም አይደላችሁ እንዴ? ምን ሆናችሁ ነው የምትፋጁት?"

ነቢያችን ሲሞቱ ማን ይተካ በሚለው ነው የተጀመረው አልኳት። ሰዎች ተሰበሰቡና አቡበክርን መረጡ፤ የነቢዩ የቅርብ ባልደረባ ናቸው፣ የነቢዩ ሚስት ዓኢሻም የአቡበክር ልጅ ናት። ሌሎች ግን፣ የለም፣ ነቢዩ በሕይወት ሳሉ የአጎታቸውን ልጅ፣ የልጃቸውን የፋጢማን ባል ዓሊን ለይተው አሳይተዋል አሉ። ሺዓ ማለት ወገን ማለት ነው፤ የዓሊ ወገን። ዓሊ አራተኛ መሪ ሆነው ተራው ሲደርሳቸው መስጊድ ውስጥ ራሳቸውን በሰይፍ ተመተው ሞቱ። በኋላ ልጃቸው ሑሴን ለገዥው ለየዚድ የታማኝነት ቃል አልገባም አሉ። ኢራቅ ያለችው የኩፋ ከተማ ሰዎች ና፣ ከጎንህ ነን ብለው ጠሯቸው። ቤተሰባቸውን ይዘው ሲሄዱ ጠሪዎቹ የሉም። ከርበላ በረሃ ላይ ጦር ከበባቸው። ወንዙ እየታየ ውሃ ከለከሏቸው። ሕፃን ልጃቸው እቅፋቸው ውስጥ እንዳለ በቀስት ተወጋ። በመጨረሻ እሳቸውንም ገድለው አንገታቸውን ቆረጡ። የሙሐረም ወር በገባ በአሥረኛው ቀን።

እዚህ ስደርስ ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ እኮ! ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ተምሬዋለሁ፤ አዝኜበታለሁም። ግን ዓሹራ ሲባል ለእኔ አላህ ሙሳን ከፈርዖን ያዳነበት ቀን ነው፤ ገንፎና አዲስ ልብስ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን እንደሆኑ አንድ ላይ አስቤው አላውቅም። ይኼን ያህል ዓመት ኖሬ!

"በስመ አብ! ለቅሶ ቤት ገብተሽ እልል አልሽ?" አለች አስቴር።

"እልል አልኩ።"

ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። "እኛስ ብንሆን? ልጄ ጴንጤ የሆነ ጊዜ ወንድሜ በዱካ አልፈነከተውም?" አለች። ሱፐርቫይዘሩ ጮኸብን፤ ወደ ዳቦው ተመለስን።

ማክሰኞ

ሐይደር ወደተኛበት፣ ካምደን ወዳለው ሆስፒታል ሄድኩ። ሪሃና ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ። የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰብሯል፣ ኦፕሬሽን አድርገውታል፣ ያይ እንደሆነ ዶክተሮቹ ገና አያውቁም። ልግባና ልየው ብላት "ነግሬሽ ነበር ኡሚ። ነግሬሽ ነበር። ጎ ሆም" አለችኝ። ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኒካሁስ፣ ጋብቻውስ አልኳት። የሚመጣው ወር ነው፣ አዳራሹ ተይዟል። "አባስ አጎቴን ሊገድል እየፈለገው፣ አጎቴ ተደብቆ፣ የምን ኒካ? ካንስል አደርገዋለሁ" አለችኝ። ሐይደር ለፖሊስ ማን እንደመታኝ አላየሁም ብሏል። ለእሷ ሲል ነው።

ጀማል የተደበቀው እኔ ቤት ነው። እንዴት ልበላት?

ስመለስ የሳሎኑ መስኮት ደቅቋል። ጡብ ነው የወረወሩት። መስገጃዬ ላይ ስብርባሪ መስታወት ሞልቷል። ጀማል ሶፋው ጀርባ ተቀምጦ በስልክ የመጣለትን ድምፅ ደጋግሞ ይሰማል፤ አባስ ነው፣ በእንግሊዝኛ። የወንድሜን አንድ ዓይን አጠፋህ፣ እኔ ሁለቱንም አወጣቸዋለሁ ይላል። ጀማል "ከሚቀድመኝ ልቅደመው" አለኝ። ከንፈሩ አብጦ ቃሉ አይገባም። የሥጋ ቢላዋዬን ወገቡ ላይ ሽጦታል።

ሲተኛ ቢላዋዎቹን ሁሉ ሰበሰብኩና ልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ከተትኳቸው። ያ ቀይ ቀሚስም እዚያው አለ። የጎማ መፍቻውን ብረት ግን አላገኘሁትም።

ረቡዕ

ወደ ሐይደር አባት ሄድኩ። ብቻዬን። ጥቁር ለብሼ። ሂናው ግን ከእጄ የት ይሄዳል? እጄን ከሻርፔ ሥር ደብቄ ሄድኩ።

አቡ ሐይደርን ጓሮ አገኘኋቸው። ትልልቅ ድስት ያጥባሉ። ድስቱ ውስጥ የቀረው ምንድን ነው? ገንፎ! ሐሪሳ ይሉታል፤ ስንዴና ሥጋ ሲማሰል አድሮ፣ ቅቤ ፈሶበት፣ ለዓሹራ አልቃሽ ሁሉ ይታደላል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሳቸውም ምን እንዳየሁ ገባቸው።

"ገንፎው አይደለም" አሉኝ። "ገንፎ እኛም አለን። እልልታው ነው።"

ጅዳ ስሠራ በለመድኩት ዐረብኛ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳዑዲዎች ሺዓን ስለማይወዱ፣ የሳዑዲ ዐረብኛ መሆኑ ራሱ ፊታቸውን አጠቆረው መሰለኝ። ያም ሆኖ ተቀመጪ አሉኝ። ዓሹራን ለምን በደስታ እንደምናከብር አስረዳኋቸው፤ ሙሳን፣ ጾሙን፣ ጅቡን ሳይቀር። ስለ ጅቡ ስነግራቸው ለአፍታ ፈገግ አሉ። ከሑሴን ጋር ከወደቁት መካከል ጀውን የሚባል ጥቁር ሰው ነበር፣ አንዳንዶች የሐበሻ ሰው ነው ይላሉ አሉኝ፤ ሑሴን ሂድ፣ ነፍስህን አትርፍ ቢሉት እንቢ ብሎ እዚያው ተገደለ። ይህን አልሰማሁም ነበር። እኔም በተራዬ ደረቴን ነፍቼ፣ የዓሊ ወንድም ጀዕፈር ከመካ ተሰደው የመጡት እኛ አገር ነው፣ ንጉሣችን ነጃሺ ለጠላት አሳልፈው አልሰጧቸውም አልኩ።

አቡ ሐይደር እጃቸውን ጠረጉ። "ነጃሺ ያስጠለሉት የተበደለውን ነው" አሉ። "አንቺ ቤት የተደበቀውስ?"

ደሜ ፈላ። እዚያው ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። ግን ምን ብዬ? "አባስን እኔ መያዝ አቅቶኛል" አሉ፤ እንባቸው መጣ። "ወንድምሽ ራሱ ወጥቶ እኔ ነኝ የመታሁት ይበል። ያኔ ልጄን እይዘዋለሁ። እኛ ለሑሴን ይኼን ሁሉ ዘመን የምናለቅሰው፣ በዳዩ እኔ ነኝ የሚል ጠፍቶ ነው።"

ስወጣ ድስቴ መደርደሪያቸው ላይ ተቀምጣ አየኋት። ታጥባለች፣ ጎኗ ተሰርጉዷል። ስጡኝ ለማለት አፈርኩ።

ሐሙስ

ግራ እጄ በፋሻ ታስሯል፤ ደግነቱ የምጽፈው በቀኜ ነው።

ጠዋት ለጀማል እቅጩን ነገርኩት። እንሂድና ለፖሊስ እጅህን ስጥ። "ለሺዓ ብለሽ የእናትሽን ልጅ ትሸጪያለሽ?" አለ። ሺዓ ሱኒ አትበለኝ፣ የሰው ልጅ ዓይን አጥፍተሃል፣ የልጄን ትዳር አፍርሰሃል አልኩት። ገፈተረኝ። ጀርባዬ ከግድግዳው ተላተመ። ወንድሜ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም ነበር። እሱም ደነገጠና ቁም ሳጥኑን በቡጢ እየደበደበ፣ እንጨቱ ተሰንጥቆ እጁ እስኪደማ ድረስ መታው።

በዚህ መሃል የውጭው በር ተረገጠ። አንዴ፣ ደግሞ፣ ከዚያ መቀርቀሪያው ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አባስ ነው። ቢላዋ ይዟል። ጀማል ብረቱን ከሶፋው ሥር መዥረጥ አደረገው፤ ለካ እዚያ ነበር! ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው አያሳልፍም። እኔ ነበርኩ መሃል። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ መሸሻ ስላልነበረኝ ነው። ቢላዋው በጎኔ ሲያልፍ ስለቱን በመዳፌ ጨበጥኩት።

አልለቅ አልኩ። አባስ ሳበው፣ ጨበጥኩት። ሲስብ እጄ ውስጥ ሲሄድ ተሰማኝ። ወለሉ ላይ ደሜ ጠብ ጠብ አለ። አባስ እጄን አየው፤ ሂናውና ደሙ አይለይም። ፊቱ ልክ እንደ ሕፃን ተጨማደደና "ኻላ፣ አንቺን አይደለም፣ ወላሂ አንቺን አይደለም" እያለ ማልቀስ ጀመረ። አክስቴ ማለቱ ነው። ቢላዋውን ለቀቀው።

ዞር ስል ጀማል ብረቱን አስቀምጦ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። እሑድ ሐይደር እንደገባው አንቺም መሃል ገባሽ አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ራሱ ፖሊስ ጠራ። ስሙን ተናገረ። የመታሁት እኔ ነኝ አለ።

አባስን ሂድ አልኩት። ወደ አባትህ ሂድ። ፖሊሶቹ እጅሽን ምን ነካው ሲሉኝ የተሰበረው መስታወት አልኳቸው። ዋሸሁ፤ አላህ ይማረኝ። ጀማልን በካቴና ሲያወጡት "ፈቲ፣ በሩን አሠሪው" አለኝ። አሁን የበር ነገር ያሳስባል? እዚያው ቁጭ ብዬ አነባሁ።

ዓርብ

ሥራ ቀረሁ። እጄ ተሰፍቷል፤ ሁለት ጣቴ አይሰማኝም። ጀማል ፍርድ ቤት ቀርቦ አልተለቀቀም። ስንት ዓመት ይፈረድበት ይሆን? አላውቅም። እናቴ በሕይወት ብትኖር ምን እላት ነበር?

ከጁምዓ በኋላ በተሰበረው በር በኩል ሪሃና ገባች። ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። የታሰረ እጄን አየችውና ከፌስታል ውስጥ ድስቴን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። የተሰረጎደችው ድስቴ! ዕቃ መላሽ ሆና መጣች፣ አለቀ፣ አልኩ። ሳነሳት ከበደችኝ።

ከፈትኳት። ሐሪሳ ነው። ትኩስ፣ ቅቤው ላዩ ላይ ተንጣልሎ፣ ቀረፋ ተነስንሶበት። አቡ ሐይደር ናቸው የላኩት። ሲልኩም የሰው ድስት ባዶውን አይመለስም አሉ አለችኝ። እኛ ቤትም እንዲሁ ነው።

"ሐይደርስ?" አልኳት።

"ፋሻውን ሲፈቱለት መብራት ይታየኛል አለ። መብራት ብቻ። ዶክተሩ እንጠብቅ ነው የሚለው።" ማንኪያ አመጣችና ጎኔ ተቀመጠች። "አባስ አልጋው አጠገብ ሲያለቅስ ነው የዋለው። ስለ እጅሽ ነገረን።"

ስለ ኒካሁ ልጠይቃት አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። በላን። የእኛው ገንፎ ነው፣ ሥጋ ገብቶበት እንጂ። ሁለተኛውን ማንኪያ ስታጎርሰኝ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ፣

"ለከርሞ ዓሹራ እነሱ ቤት ስትመጪ ጥቁር ነው የምትለብሺው፣ እሺ ኡሚ?" አለችኝ።

"እሺ" አልኩ። ለከርሞ አለች። አላህ ይስማሽ፣ ለከርሞ አለች።