ያልጻፍኩት ልብ ወለድ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለባሮክ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ፀደንያስ ደህና ናት? ትንሿ ሳሌም ጥርስ አወጣች? እኛ ዝናቡ አልለቅ አለን እንጂ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔንም ከመጽሐፍህ በስተቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

አዎ፣ ሰኔ ላይ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ። ያገኘሁት ስህተት ገጽ መቶ አራት ላይ አንድ የተዘለለ አራት ነጥብ ነው። እሱም የማተሚያ ቤቱ ሳይሆን አይቀርም።

አሥራ ሁለት ዓመት እንሰት የሚያጠወልገውን በሽታ በማይክሮስኮፕ ስትመረምር እኮራብህ ነበር። ሥራህን ለቀህ ልብ ወለድ ልትጽፍ ነው ሲባል እናታችን አለቀሰች፤ አጽናናኋት። እውነቱን ልንገርህና፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። የአማርኛ መምህሩ እኔ ነኛ! የእኔ ልብ ወለድ አሥራ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዞ ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው። አንተ በሁለት ዓመት ጨረስክ። በሽታውን ለጎረቤት እንሰት እንዳታሻግር ቢላዋዋን በእሳት የምትለበልበውን የመጽሐፍህን ሴትዮ ታሪክ በዴሳ ከተማ ላለችው አክስታችን ለቦሼ ሲያነቡላት፣ ብድግ ብላ የራሷን ቢላዋ እሳት ውስጥ ከተተች አሉ። እኔ ሃያ ዓመት አስተምሬ ማንንም ከወንበሩ አላስነሳሁም። የሚያስነሳቸው ደወሉ ነው።

ወደ ነገሩ ልምጣ። መጽሐፉ እንደደረሰ የሒሳብ መምህሩ ጩማ፣ «ተው እንጂ ጋሼ ተክለጻድቅ! የእንሰት ሐኪም እንዲህ አይጽፍም፤ ይሄ ያንተ እጅ ነው» አለኝ። አላረምኩትም። ፈገግም ሳልል አልቀረሁም። በሳምንቱ የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር «ደራሲው» ይለኝ ጀመር። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ለሚደረገው የመጽሐፉ ምርቃትም ለእኔ የሚሆን የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ አሰፉ።

ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር እንደሌለ ታውቃለህ። ስለዚህ ትናንት በመምህራን ስብሰባ ተነስቼ፣ በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ፊደል የለኝም አልኩ። ጩማ «ትሕትና ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አስጨበጨበልኝ።

እንግዲህ አንተው መጥተህ ንገራቸው፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ እውነቱን ነው እላለሁ። ቀንቼብህ ነው ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ትከሻህ ከእኔ ስለሚሰፋ ዱንጉዛውን ለልብስ ሰፊው ወስጄ አሰፋሁልህ። ሲያሰፋው ቆሜ አየሁት። ደስ አላለኝም።

ፀደንያን ሰላም በልልኝ፤ ሳሌምን ሳምልኝ። ባለቤቴን አሳየሽን ናፍቀሃታል፤ መጽሐፉን ስታነብ ማልቀሷን እንድነግርህ አዝዛኛለች፤ ይኸው ነገርኩህ። እናታችን ትመርቅሃለች። ጉዱን ሁሉ ብነግራት፣ «ማንም ይጻፈው፣ የጻፈው ልጄ ነው። አንተ ይልቅ መቅናቱን ተውና የጊፋታውን በሬ አብሮን የሚካፈል ሰው ፈልግ» አለችኝ።

ወንድምህ ተክለጻድቅ
ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም 4 ቀን 2004 ዓ.ም.