ማይክሮስኮፑ ያላየው የሶልያና በሽታ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ላቦራቶሪ ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣ ተቅማጥ የሚባል ነገር ደጅዎን እንዳይረግጥ እየተመኘሁ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ሚልክያስ እባላለሁ፣ የጉኑኖ ልጅ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ከአስተማሪ ጋር ተጣልቼ የወጣሁ ስለሆንኩ ስህተቴን ይለፉልኝ።

ጥር ላይ የአሥራ አንድ ወሯን እህቴን ሶልያናን ትውከትና ተቅማጥ ይዟት እናቴ አዝላት መጣን። ለሁለት ልጅ አንድም ቢሆን አልጋ ሰጣችሁን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግሉኮስ ተደረገላት፤ በማግስቱ ዓይኗን ገልጣ ጣቴን ያዘች። እስከዚህ ድረስ ምስጋናዬ የእውነት ነው።

1ኛ/ የሰገራ ውጤቷን ለሐኪም መላክ ትታችሁ በመስኮት ለእኔ ስለሰጣችሁኝ፣ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ትልም አሜባም አልታየም ይላል። እንግዲህ ድናለች ብዬ ለእናቴ በወላይትኛ ነገርኳት። እሷም ጌታን አመስግና፣ ታዲያ የሌላ ሰው ልጅ አልጋ ለምን እናጣብባለን አለች። ሐኪም ሳያያት አትሂዱ ያለችንን ነርስ፣ ወረቀት እያሳየሁ አፏን ያስዘጋኋት እኔው ነኝ። ግሉኮሱን አስነቅለን ሄድን። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

2ኛ/ ማይክሮስኮፓችሁ ቫይረስ እንደማያይ ሁላችሁም ታውቁ ነበር አሉ። ምስጢር አጠባበቃችሁን አደንቃለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን ቦታ አልጠፋም፣ ግማሹ ባዶ ነው፤ ማኅተሙ ብቻውን የእህቴን መዳፍ ያክላል።

3ኛ/ ያኔ ሆስፒታል ሳለን ለጥናት ተብሎ ለብቻ የተወሰደው ሰገራዋ አዲስ አበባ ደርሶ መልሱ ሰኔ ላይ መጣ። አንድ ሰውዬ በሞተር ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ሮታ የሚባል ቫይረስ ነው አለን። መድኃኒት የለውም፣ የወጣውን ፈሳሽ እየተኩ መጠበቅ ነው አለ። ያስነቀልኩት ግሉኮስ ማለት ነው። ጥያቄው በያዘው ፎርም ላይ ስላለ፣ ልጅቷ አሁን እንዴት ናት ብሎም ጠየቀ። እናቴ ቀና ሳትል እንሰቷን ፋቀች።

መሣሪያ ግዙ አላልኩም። የውጤት ወረቀቱ ላይ በአማርኛና በወላይትኛ አንድ መስመር ጻፉ፦ ይህ መሣሪያ የማያየው በሽታ አለ፣ ሐኪም ሳያይ ልጃችሁን ይዛችሁ አትውጡ።

የማንበብ ችሎታዬን በእህቴ ላይ የሞከርኩ፣ ለክቡርነትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ሚልክያስ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ወረቀት ግቢው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ዘበኛውን ልከው ቢያስቀድዱት አይከፋኝም፤ ልጅ አዝለው የሚመጡት እናቶች አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ሰኞ ሰኞ እዚያው ቆሜ በአፌ እነግራቸዋለሁ።