በደረቁ ዛፍ ላይ ስለታየው ወፍ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤ ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልህን ቅባት ትቀባለህ ወይስ አሁንም የመኪና ግራሶ ይሻለኛል እያልክ ታስቸግራለህ? የእማዬስ ሳል ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በጣም ደህና ነኝ፤ አንድም ጎሽ አልነካኝም። ጎሽ ምን አመጣው እንዳትል፣ ነገሩን እነግርሃለሁ። ለእማዬ ስታነብላት ግን ጎሽ የሚለውን ሁሉ ላም እያልክ አንብብላት።

እንደምታውቀው ፓርኩ ውስጥ እንግዳ የማዞርበት የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። አለቃችን ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ሰጠኝ። ባልየው ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ሚስትየው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የመጡት ወፍ ለማየት ብቻ ነው። ሌላው እንግዳ ገና መኪና ሳይገባ አንበሳ የት አለ ይላል። እነዚህ ግን አንበሳ መንገዱ ዳር ጋደም ብሎ ሳለ፣ አዋላጇ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ወደፊት ሂጂልን፣ ቁጥቋጦውን ከለለብን» አሉኝ። አንበሳው እንዲህ ተንቆ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ቀና ብሎ አየን።

አርባ ዓመት ሙሉ ያዩትን የወፍ ዓይነት በአንድ ደብተር ይመዘግባሉ። ሦስት መቶ ሊሞላ አንድ ቀርቷል። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከረግረጉ ማዶ አንድ ደረቅ ዛፍ ላይ የሆነ ነገር ቁጭ ብሎ ታየ። ሁለቱም የሩቁን የሚያቀርበውን ባይኖኩላራቸውን አነሱ። ዳኛው፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው የጭልፊት ዓይነት ነው፣ ክንፉን ሲያራግፍ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ አሉ። አዋላጇ የለም፣ ስንት ዘመን የፈለግኩት ጉጉት ነው፣ አንገቱን አዙሮ አይቶኛል አሉ። ዳኛው የሚስታቸው ምስክርነት በምኞት የተበከለ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም ብለው ወሰኑ። አዋላጇ ደግሞ፣ «ሁለት ሺህ ልጅ ሳዋልድ ወንዱን ሴት ብዬ የማላውቅ ሴትዮ፣ በጭልፊትና በጉጉት ልሳሳት?» ብለው ተኮሳትረው ዞሩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተኳረፉ።

በማግስቱ መከራው የኔ ሆነ። ቁርስ ላይ አዋላጇ፣ ጨውን ያቀብሉን ብለሽ ለዳኛው ንገሪልኝ ይሉኛል። ዳኛው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ መልእክቷ ደርሶኛል በያት ይሉኛል። መኪና ውስጥም፣ መስኮቱን ይዝጉት በያቸው፣ ሙቀት ነው በያት፣ አቧራ ነው በያቸው፤ በየመሀሉ ስዞር አንገቴ ከመሪው ይበልጥ ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዛፉ ቀረብ ብለን እንለየው አሉኝ። ከዋናው መንገድ መውጣት ክልክል ስለሆነ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ። ሦስተኛ ሲጠይቁኝ አቃተኝ፤ ከትናንት ወዲህ ሁለቱም የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነበርና። ወደ ረግረጉ በሚወስድ አንድ አሮጌ መንገድ ገባሁ። አባዬ፣ ጭቃ ውስጥ ነዳጅ እንዳትረግጪ ብለህ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል? ረገጥኩት። የኋላ ጎማዎቹ ባዶውን ተሽከረከሩ፣ ከዚያ መኪናው እንደደከመው ሰው ቁጭ አለ።

በራዲዮ ስጠራ፣ ትራክተሩ ጥገና ላይ ስለሆነ ጠብቁ ተባልኩ። ለመውረድ በሩን ከፈት ከማድረጌ ከሸምበቆው ውስጥ ጎሾች ብቅ ብቅ አሉ። አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። አንዱ ግዙፍ መጥቶ ጎኑን ከመኪናው ጋር ያክክ ጀመር፤ እኛም አብረን እንወዛወዛለን። በመስተዋቱ ሳይ ዳኛው የሚስታቸውን እጅ ጨብጠዋል። አዋላጇ አልነጠቋቸውም።

ዛፉ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነበር የሚርቀን። አዋላጇ በነፃ እጃቸው ባይኖኩላሩን አነሱና ብዙ ቆዩ። ከዚያ በኔ በኩል ሳይልኩ ቀጥታ ለባላቸው ሰጧቸው። ዳኛው አዩ፤ የባይኖኩላሩን መስተዋት በመሀረብ ወለወሉና ደግመው አዩ። እኔም በባዶ ዓይኔ አየሁት። የተሰበረ ቅርንጫፍ ነው፤ ልጡ የተላጠበት ቦታ ዓይን ይመስላል።

«ልጄ፣ ለወይዘሮዋ…» ብለው ጀመሩና ዳኛው ተዉት። ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ ክንፉን ሲያራግፍ ያየሁት እኮ እኔ ነኝ አሏቸው በሹክሹክታ። እሳቸውም፣ እኔንም አንገቱን አዙሮ አይቶኛል አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገርህ! ጎሾቹ እንዳይደነግጡ ድምፅ ማውጣት አይቻልም፣ ሳቁ ደግሞ አይመለስም። ዳኛው ባርኔጣቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ። አዋላጇ እንባቸው ይወርዳል። እኔ መሪው ላይ ተደፋሁ። ከጎሹ ይልቅ የኛ ሳቅ መኪናውን ነቀነቀው። ዳኛው ደብተሩን አውጥተው፣ «ሦስት መቶኛ፦ ቅርንጫፍ» ብለው ጻፉ፤ ሁለቱም ፈረሙበት።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ትራክተሩ ሲያጓራ ጎሾቹ ሄዱ፣ እኛም ወጣን። አለቃዬ የፓርኩ በር ላይ ክንዱን አጣምሮ ይጠብቀኛል። እንግዶቹ የአስተያየት መዝገቡን አምጡልን አሉ። ዳኛው፣ ሾፌሯ ሁለት ጊዜ እምቢ ብላለች፣ ከመንገድ ያስወጣናት እኛ ነን፣ መኪናውን ያሰመጠችው ግን ራሷ ነች ብለው ጻፉ። እውነትን ለወዳጅም አያለሳልሱም። አዋላጇ ከሥሩ፣ በትዳራችን እንዲህ ስቀን አናውቅም፣ ከሁለት ወር በኋላ ስንመለስ ሌላ ሾፌር አንቀበልም ብለው ጨመሩበት።

አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። የመኪናውን ሆድ ዕቃ ሁለት ቀን አሳጠበኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ቢሮው ጠርቶ የቋሚነት ውሉን አስፈረመኝ። እሰይ በለኝ አባዬ! ስፈርም ግን፣ ለመሆኑ መንዳት ያስተማረሽ ማነው አለኝ። አንተ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስትነዳ አንድ ቀን ያልሰመጥክ ሰው ነህ። ስምህን እዚያ ጭቃ ውስጥ ልከተው? አንጀቴ አልቻለም። አጎቴ ነው አልኩት።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ወንድሜን፣ ሚስቱንና አዲሷን ሕፃን ሰላም በልልኝ፤ ጥርስ አበቀለች ወይ? ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬ ይድረስ። ለአጎቴ ከሁሉም የበለጠ፣ ሞቅ ያለ፣ ልዩ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ምክንያቱን ግን አደራህን እንዳትነግረው።

አክባሪ ልጅህ፣
ከፓርኩ በር አጠገብ፣ ከሾፌሮች ማደሪያ
ጥቅምት 19 ቀን