ሁለቱ ሃያ ሰባቶች

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የአዲሱ ስታዲየም ሥራ ዛሬ አለቀ። ለእኔ የደረሰኝ ላይኛው፣ የመጨረሻው ረድፍ ነበር... ከ1 እስከ 60፣ በየወንበሩ ጀርባ በነጭ ቀለም ቁጥር መጻፍ። ወገቤ የእኔ አይመስልም። አለቃችን ለእያንዳንዱ ቀለም ቀቢ ለእሑዱ ጨዋታ አንድ አንድ ትኬት አደለን። የስታዲየሙ መክፈቻ ነው፤ የጎረቤት አገር ቡድን ይመጣል። ኳስ ብዙም አይገባኝ። ቢሆንም ደስ አለኝ።

ደስ አለኝ ብዬ ለራሴም ልዋሽ?... ይቆየኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ልጻፈው። ረድፉ ስልሳ ወንበር አለው። የእኔ ቁጥር ግን 59 ላይ አለቀ። 27ን ሁለቴ ጽፌዋለሁ።

እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት ካረፈች ወዲህ ስሠራ በየወንበሩ “ነፍሷን ማርልኝ” እላለሁ። አንድ ቁጥር፣ አንድ ጸሎት። እጄ የሚቆጥረው በዚያ ነው። 27 ላይ ስደርስ አንዴ ብቻ ማለቴ ያነሳት መሰለኝ፤ ደገምኩላት። እጄም ደገመ።

መጨረሻው ላይ ደርሼ ሳየው አለቃ ከበሩ ይጣራል፣ መኪናው ተነሥቷል... ብሩሼን ጠቅልዬ ወጣሁ። ስህተቱ የእጄ ነው እንበል። ዝምታውስ የማን ነው?

ትኬቱ እስከ 60 ተሸጧል። የ60 ባለቤት የት ሊቀመጥ ነው? በጸሎት የሰው ወንበር መውሰድ... ይኼ በየትኛው ኃጢአት ውስጥ ይቆጠራል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ልጄ ልትጠይቀኝ መጣች። ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። “ይቁማ አባዬ! ኳስ ተቁሞ ነው የሚታየው” አለች። ካልሲዎቼን ሰፍታልኝ ሄደች። ሕሊናም በመርፌ ቢሰፋ...

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስታዲየም። የእኔ ወንበር ከዚያ ረድፍ አንድ ዝቅ ብሎ ነው። ዞሬ ዞሬ ስመለከት አንገቴ ዛለ።

ባለ 60 መጣ። የእንግዳው ቡድን ደጋፊ፤ ፊቱን አረንጓዴ ተቀብቶ። ቋንቋችንን አያውቅም። ትኬቱን አየ፣ 59ን አየ፣ ከ59 ቀጥሎ ያለውን ግድግዳ አየ። አስተናባሪው የወንበሮቹን ፕላን ዘርግቶ መረመረ፤ ወንበሩ ወረቀቱ ላይ እንዳለ አረጋገጠለትና በትሕትና ግድግዳውን አሳየው። ሰውየው ምን ያድርግ? ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ አየር ላይ ቁጢጥ አለ። አስተናባሪው አመስግኖት ሄደ።

ረድፉ መሃል ላይ አንዲት ሴትዮ ሁለቱንም 27 ይዛለች። አንዱ ላይ እሷ፣ አንዱ ላይ ቦርሳዋ። ለእንግዳው እንድትለቅለት ለመንኳት።

“አባባ፣ ትኬቴ 27 ይላል። ይኼም 27፣ ያም 27። እኔ ነኝ የጻፍኩት?”



አስተናባሪውን ጠርቼ ተናዘዝኩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የእኔን ወንበር ስጠው፣ እኔ ልቁም። ትክ ብሎ አየኝ። ቁጥር የሚያወጣው ኮምፒውተር መሆኑን ቀስ አድርጎ አስረዳኝ። ከዚያ ፀሐይ መትቶኛል ብሎ በሁለት ሰው አስደግፎ ሕክምና ክፍል አስገባኝ።

ነርሷ የደም ግፊቴን ለካች። ደህና ነው።

“ታዲያ ምንድነው የሚሰማዎት አባቴ?”

“ጥፋተኝነት።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከማክሰኞ።”

ጻፈችው። ውሃ በብዛት እንድጠጣ አዘዘችልኝ። ጎል ሲገባ በግድግዳው ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ ግድግዳ አይናገርም። ሲለቁኝ ጨዋታው አልቋል። እንግዳው በእኔው ወንበር ላይ ተቀምጧል... ሳይሰጡት አገኘው። እንዳየኝ አቅፎ ጉንጬን ሳመኝ። ግማሽ ፊቴ አረንጓዴ ሆኖ ቤቴ ገባሁ።

የዛሬው ተቀመጠ። የሚቀጥለው ጨዋታ ባለ 60ስ?

ሰኞ፣ የካቲት 10

አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ሳልነግረው ያውቃል። የእንግዳው ነገር ቢሮ ደርሶ ኮሚቴ ተቀምጦበታል። 60 ወረቀት ላይ ስላለ መሬት ላይም መኖር አለበት ተብሏል። ስለዚህ ግድግዳው ይፈርስና አንድ ወንበር ይጨመራል። ሐሙስ ይጀመራል።

አዲሱ ግድግዳ! በእኔ አንድ ጸሎት!

የቀለም ሥራ እኮ ነው፣ ግማሽ ቀን ስጠኝ አልኩት።

“ተው እንጂ ወንድሜ” አለኝ። “ቁጥሩን ትክክል ነው ብለው ፈርመው ተረክበዋል። የተፈረመበትን ማን ስህተት ነው ይላል? ግድግዳው ላይ ግን የፈረመ የለም።”

ረቡዕ፣ የካቲት 12

በማለዳ ብሩሽ፣ ቲነርና ቀለም ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ደብዳቤ ጠየቀኝ። የለኝም። ከ27 ጀምሮ ሁሉንም ነገርኩት። አሰበ፣ አሰበ።

“ደብዳቤ ያለው ሰው ነገ መዶሻ ይዞ ይመጣል” አለ። “እርስዎ ይግቡ።”

ሠላሳ ሦስት ቁጥር በቲነር አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። ዘበኛው ከፊቴ ከፊቴ እየሄደ ቁጥሩን ይጠራል፤ እኔ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ሲያሰኘኝ አንዴ፣ ሲያሰኘኝ ሦስቴ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጥሩንም ጸሎቱንም ለብቻዬ መሸከሜ... ሰው አግዘኝ ማለት እንዲህ ቀላል ነበር?

ቀትር ላይ 60 ግድግዳው ጥግ ወጣ። ለአለቃ ደወልኩ። ወንበሩ ተገኝቷል አልኩት።

ጠየቀኝ፦ “የት ነበር?”

“ቦታው ላይ።”

ሌላ አልጠየቀኝም። የጠፋው ወንበር በተደረገ ፍለጋ ተገኝቷል፣ ማፍረሱ ይቅር ብሎ አሁኑኑ እንደሚጽፍ ነገረኝ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጀርባዬን ሳላስደግፍ 60 ላይ ተቀመጥኩ። ሜዳው ከዚህ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ሣሩን ውሃ የሚያጠጣ አንድ ሰው ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቆይቶ ዘበኛው የ59ን ጀርባ በጣቱ ነካ አድርጎ ጎኔ ተቀመጠ።

“ስንት ለስንት ናቸው?”

“ገና ባዶ ለባዶ ነው” አልኩት።